የግራ እጄ ጡረታ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሞርሳዬ ግራ እጄ ነበር።
ወይራው ሲንሸራተት፣ ዋንዛው ሲያስቸግር፣
በጉልበቴ አፍኜ፣ በተረከዜ ረግጬ፣
የአልጋ ራስጌ አበባ አወጣሁ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ።
አውራ ጣቴ ላይ አራት መስመር አለ፣ መሮ የጻፈብኝ፤
አምስተኛው የተጻፈ ዕለት ውድነሽ ጨርቅ እየጠመጠመች
«ጣትህ ሲያልቅ ልትገዛ ነው?» አለችኝ።

ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር፤ የሦስት በርጩማ ሂሳብ።
በስኳር ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሸሚዜ ውስጥ፣ ከልብ ለልብ፣
ከፉሪ ቁልቁል ወረድኩ፣ በባጃጅ፣ በአቧራ፣
ጠጠር ከጫነ ሲኖትራክ ጋር መንገድ እየተጋራሁ፣ ጭስም ስጋራ።

መጀመሪያ ያየሁት አዲስ ነው፤ ሰማያዊ፣ ቅባቱ ያልደረቀ።
ባለሱቁ ልጅ ነው፤ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል
ስድስት ሺህ ጠየቀ።
እጀታውን አዞርኩት፤ መንጋጋው ተንገዳገደ
እንደ ሰካራም ጉልበት።
ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው
ነጭ ነገር ወጣበት፤
ብረቱ የጎደለበትን የሞሉበት ስቱኮ።
«ይሄማ» አልኩ በሆዴ፣ «ለፎቶ ነው እኮ።»

ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ የጠረጴዛ ጠርዝ የሚነክስ።
ለሰዓት ጠጋኝ ይሆናል፤ መዶሻ ሲያይ ግን የሚያለቅስ።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነስሩ ቁራሌ ያከማቻል፤
ባሌስትራ፣ ራዲያተር፣ ዶሮ የምታድርበት የፍሪጅ ሬሳ ይታያል።
እዚያ ነው ያገኘሁት፤ ከሰሌን ስር፣ የሕፃን ልጅ ክብደት ያለው ዝገት፣
አንድ ጥርሱ የወለቀ፣ እጀታው የጠፋበት።
«የጣሊያን ነው» አለኝ። ነስሩ ዘንድ ጣሊያን ያልሆነ የለም፤
ፍሪጁም፣ ሚዛኑም፤ ዶሮዋም ብትጠየቅ አትክድም።

ዝም ብዬ ፈተንኩት። ሳንቲም አውጥቼ ጎኑን መታሁ፤
የተሰነጠቀ ብረት ድምፁ ዲዳ ነው፤
ከዚህ ግን ደወል ሰማሁ።
ብሎኑን በናፍጣ አጠብኩ፣ በፒንሳ ይዤ አዞርኩ፤
የዕድር ደረሰኝ ከኪሴ አውጥቼ መንጋጋውን አስነከስኩ።
ሳብኩት። ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ እሱ አለቀቀም።
«ዕድርህን በላው» ብሎ ሳቀ ነስሩ፤ «ዋጋው ግን አይቀንስም።»

ሦስት ሺህ ተኩል ጠራ። «ጥርሱ ጎድሎ?» ብለው፣
«ያንተስ?» አለኝ። እውነቱን ነው።
ዝናብ መጣ። እየተከራከርን ቆርቆሮው ስር ተጠጋን፤
ሲያባራ፣ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ተጨባበጥን።
ባጃጁ እንደ ተሳፋሪ ቆጥሮት
የሁለት ሰው አስከፈለኝ፤
ቀሪዋን ደግሞ ብየዳ ቤቱ ለእጀታ ፌሮ ተቀበለኝ።

በወለቀው ጥርስ ቦታ የዋንዛ ቁራጭ ተካሁ፤
በሁለቱም መንጋጋ ላይ አሮጌ ቀበቶዬን ቆርጬ አለበስኩ፣ መታሁ።
ጥርስ የተነከሰበት እንጨት ቂሙን አይደብቅማ፤
ገዢ ፊት ያወጣዋል፣ ቫርኒሹ ሲስማማ።

ትናንት ማታ፣ መብራት ሲመጣ፣ ወይራውን አሰርኩት። አልተንቀሳቀሰም።
ቀኜ መሮውን ገፋ፤ ግራዬ ሥራ የለውም።
አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ጉልበቴ ላይ አረፈ። ተነሳ።
ማንም ያልጠራውን እንግዳ መሰለ፣ ወንበር የረሳ።
ግራ እጄ ግራ ገባው።
መሮውን ደግፍ ብለው የማያውቀው ሆነበት፣ ፈራው።

ውድነሽ ከበሩ ላይ ቆማ በጣቷ አሳየችኝ፤ አልሳቀችም።
እኔ ፍልፍሉን እያየሁ ልብ አላልኩትም፤
ለካ ቀስ ብሎ ሄዶ፣ ሞርሳውን ከጎኑ ደግፎ ይዟል።
አሥራ አንድ ዓመት የያዘ እጅ፣
ያዡንም ይይዛል።